የፊልም መክፈቻ 2 ደቂቃ፦ በከተማው እንጀምር ወይስ በልጅቷ?

ጥያቄ፦ የከዚራ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁም። እዚህ ድሬዳዋ የቪዲዮ ፕሮዳክሽን ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ሥራችን የአንድ ፊልም መክፈቻ ነው። ሙሉ ፊልም አይደለም፤ የመጀመሪያዎቹ 2 ደቂቃዎች ብቻ፣ ከነስም ጽሑፉ። አራት ሆነን ነው የምንሠራው። ያለን አንድ ካሜራ ከ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ጋር፣ አንድ ትራይፖድና ስልኮቻችን ናቸው። ድሮን ደግሞ የሚያውሰን ሰው አግኝተናል።

ታሪኩ ይሄ ነው። አንዲት ልጅ የአባቷ አሮጌ ኮት ኪስ ውስጥ ቁልፍ ታገኛለች። አባትየው ድሮ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ቁልፉ የምን እንደሆነ አታውቅም፣ ፊልሙ ፍለጋው ነው።

ያሰብነው አከፋፈት፦ ፀሐይ ስትወጣ ድሬ ከላይ በድሮን ትታያለች። ከዚያ የስልክ አላርም ይጮሃል፣ ልጅቷ ትነሳለች፣ ትታጠባለች፣ ቁርስ ትበላለች። ከጀርባ በድምፅ ስለ አባቷ ትተርካለች። ኮቱ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። የቡድናችን ግማሹ ወዶታል፣ ግማሹ «ይሰለቻል» ብሏል። ምን ትላላችሁ? ስለ ብርሃን፣ ስለ ድምፅና ስለ ጽሑፉም የምታውቁትን አካፍሉኝ።

መልስ፦ ኤዲተሩ

አቦ፣ ታሪኩ ደስ ይላል! ግን ቁልፉን ለምን ደበቃችሁት? ሰው አይኑን የሚተክለው እሱ ላይ ነው። አላርም፣ ጥርስ ቡሩሽ፣ ቁርስ፣ ይሄን ሁሉ እያንዳንዱ ተመልካች ቤቱ ያደርገዋል። ስለ ልጅቷ ምንም አይነግረውም። መክፈቻ ሁሉንም ነገር ማስተዋወቅ የለበትም። ተመልካቹ ውስጥ አንድ ጥያቄ መትከል ከቻለ በቂው ነው።

እኔ ብሆን እንዲህ እጀምራለሁ። ጥቁር ስክሪን። የውሃና የልብስ ማሸት ድምፅ ብቻ። ከዚያ ሁለት እጆች ሳፋ ውስጥ ወፍራም ኮት ሲያሹ። ድንገት የሆነ ብረት የሳፋውን ታች ይመታል። እጆቹ ቆም ይላሉ። አረፋውን ገለል አድርጋ ታወጣዋለች፣ ቁልፍ ነው። ፊቷን መጀመሪያ የምናየው ያኔ ነው፣ ቁልፉን ስታይ። ከዚያ ከኋላዋ የበር ድምፅ። አባትየው እግሩ ብቻ ይታያል። ልጅቷ ቁልፉን መልሳ አረፋው ውስጥ ትከተውና ማሸቷን ትቀጥላለች።

ይሄ ቢበዛ አንድ ደቂቃ ነው። ማንም ምንም አልተናገረም። ተመልካቹ ግን «ለምን ደበቀችው?» ብሎ ተይዟል። ትረካው ያኔ አያስፈልግም። አባቷን እንደምትፈራው ወይም የሆነ ነገር እንደምትጠረጥር እጇ ተናግሯል።

ሌላ ነገር፣ ከመቅረጻችሁ በፊት እያንዳንዱን ሾት (ሳይቆረጥ የሚታየውን አንድ ቅንጭብ) በወረቀት ሳሉት። ስዕል አለመቻል ችግር የለውም፣ የዱላ ሰው ይበቃል። ስዕሎቹን በስልክ አንሱና ኤዲቲንግ ላይ በየሰከንዱ ደርድሯቸው፣ ከስር የምታስቡትን ድምፅ አድርጉ። 2 ደቂቃ ማለት 120 ሰከንድ ነው። አንድ ሾት በአማካይ 5 ሰከንድ ቢቆይ 24 ሾት ነው የሚኖራችሁ። የቱ እንደሚረዝም፣ የቱ እንደሚወጣ ካሜራ ሳትነኩ ታዩታላችሁ።

መልስ፦ የሐረሯ

በአብዛኛው እስማማለሁ፣ በአንድ ነገር ግን አልስማማም። ከተማው ይቅር አትበላቸው። ይህ ታሪክ ሌላ ቦታ ሊሆን አይችልም። ድሬ ራሷ የተቆረቆረችው ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. እዚያ ስለደረሰ ነው። መጀመሪያ ሐረር ሊገባ ነበር የታሰበው፣ ተራራው አስቸገረና ከስሩ ቀረ። ይሄን የሚያህል ነገር ካለ መታየት አለበት።

ግን በድሮን አይደለም። ድሮን ያለ ፈቃድ ማስነሳት ራሱ ጣጣ ያመጣል፣ ደግሞም ከላይ ሲታይ ሁሉም ከተማ ይመሳሰላል። ከተማውን በግቢው በር በኩል አሳዩት። ልጅቷ ስታጥብ ከኋላዋ በሩ ክፍት ይሁን፣ ባጃጅ ይለፍ፣ ሰው ይለፍ። በሁለተኛው ደቂቃ ቁልፉን ይዛ ትውጣና ከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ስር ትሂድ፣ አሮጌው ጣቢያ ፊት ቆማ ትይ። ጣቢያው ላይ ያለው የፈረንሳይኛ ጽሑፍ ብቻውን ብዙ ይናገራል። ቅጥር ግቢው ውስጥ ለመግባት ግን ከትምህርት ቤታችሁ ደብዳቤ ይዛችሁ ቀድማችሁ ጠይቁ። በቀረጻው ዕለት በር ላይ መለመን ጠዋቱን ይጨርሰዋል።

መልስ፦ የባቡር ልጅ

ልጄ፣ እኔ ስለ ፊልም አላውቅም። አባቴ ግን ዕድሜውን ሙሉ ምድር ባቡር ነው የሠራው። አንድ ነገር ልለምንሽ። ከታይዋን ገበያ አዲስ ኮት ገዝታችሁ እንዳትጠቀሙ። የሠራተኛ ኮት ክርኑ ላይ ያብረቀርቃል፣ ኪሱ ይወርዳል፣ የዘይት እድፉ ቢታጠብ አይለቅም። ወርክሾፕ የሠሩ አባቶች ዛሬም ሰፈር ውስጥ አሉ። ሂዱና ቡና ጠጡ፣ አስወሯቸው። ፈረንሳይኛ እየቀላቀሉ ነው የሚያወሩት። አባትየው ከበሩ ላይ አንድ ቃል እንኳ በዚያ አነጋገር ቢጣራ፣ ድሬ ያደገ ሰው ወዲያው ያውቀዋል።

የከዚራ ልጅ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጎረቤታችን አንድ ጡረተኛ አሉ፣ ነገ ሄጄ አናግራቸዋለሁ። የሳፋውን ሐሳብ ለቡድኑ ነገርኳቸው፣ ሁሉም ተስማምተዋል። ድሮኑ ቀርቷል። አሁን የጨነቀኝ ድምፁ ነው። በካሜራው ማይክ ሞክረን ነበር፣ የሚሰማው ንፋስና ቬንትሌተር ብቻ ነው።

መልስ፦ ድምፅ ላይ ነኝ

የካሜራውን ማይክ እርሺው። አንዱን ስልክ መቅጃ አድርጉት። ከሳፋው ጎን፣ ካሜራ የማያየው ቦታ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት አስቀምጡ። ኤርፕሌን ሞድ ላይ ይሁን። ቀረጻ ሲጀመር አንዴ አጨብጭቡ፣ ኤዲት ላይ ምስልና ድምፅ የምታገጥሙት በእሱ ነው።

ቬንትሌተር ይጥፋ። ድሬ ላይ ይሄን ማለት ጭካኔ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን በሾት መካከል ነው ማብራት። ፍሪጅም ይነቀል። ፍሪጁ ውስጥ የቤቱን ቁልፍ አስቀምጡ፣ ስትወጡ መልሳችሁ መሰካት አትረሱም። የአዛንና የቅዳሴ ሰዓትም ቀድማችሁ እወቁ። መሀል ላይ ከገባ አንዱ ሾት ላይ ይሰማል፣ የሚቀጥለው ላይ ይቆረጣል።

ቁልፉ ሳፋውን የሚመታበትን ድምፅ ለብቻው ቅረጹት። በፕላስቲክ ሳፋ አይሆንም፣ የብረት ሳፋ ፈልጉ። በውሃ፣ በትንሽ ውሃ፣ ያለ ውሃ፣ ከፍ አድርጎም ዝቅ አድርጎም ጣሉት። የፊልሙ የመጀመሪያ ክስተት ያ ድምፅ ስለሆነ፣ ለእሱ ግማሽ ቀን ብትሰጡት አይበዛበትም። በመጨረሻ ማንም ሳይንቀሳቀስ የግቢውን ዝምታ 30 ሰከንድ ቅዱ። ሾት ከሾት ሲቀየር ድምፁ እንዳይዘል ከስር ታነጥፉታላችሁ።

የከዚራ ልጅ

የብረት ሳፋ እናቴ ጋ አለ። ስለ ብርሃንስ?

መልስ፦ ኤዲተሩ

ቀትር ላይ አትቅረጹ። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን አይን ጉድጓድ ይሆናል። እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ወይ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ። ግድ ከሆነ ጥላ ውስጥ አስቀምጧትና ነጭ አንሶላ ከፊቷ ዘርጉ፣ ብርሃኑን ይመልስላታል። ካሜራውን በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ሹተሩን 1/50 ሰከንድ ላይ አድርጉ። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ፣ እንዲህ ካደረጋችሁ ቤት ውስጥ አምፖሉ ምስሉ ላይ አይርገበገብም። ስልክም ከቀላቀላችሁ እሱንም 25 ላይ፣ ኤክስፖዠሩን (የብርሃን መጠኑን) እና ነጭ ባላንሱን (የቀለም ሚዛኑን) ቆልፋችሁ። 50 ሌንሱ ጠባብ ክፍል ውስጥ ያስቸግራል፣ ለእጆቹና ለፊቷ ግን የሚያምር ነው። ሰፊውን በስልክ አንሱ።

በእሷና በበሩ መካከል መስመር እንዳለ አስቡ፣ ካሜራው ከመስመሩ አንድ ወገን አይውጣ። አለበለዚያ አባትየው ከግራ ገብቶ ከቀኝ የመጣ ይመስላል።

መልስ፦ ፊደል ወዳድ

ጽሑፉን ዝም ብላችሁ መሀል ላይ አትለጥፉት። ስሞቹ ፀጥ ባሉ ሾቶች ላይ፣ ባዶው ጎን ይግቡ። ቁልፉ ሲወድቅ፣ ፊቷ ሲታይ፣ አባትየው ሲመጣ ምንም ጽሑፍ አይኑር። አንድ ስም የሚቆየው ጮክ ብላችሁ ሁለቴ እስክታነቡት ነው። የፊልሙ ርዕስ ቁልፉን ከደበቀችው በኋላ ቢመጣ እመርጣለሁ።

የግዕዝ ፊደል ቀጭን ከሆነ ስልክ ላይ ይጠፋል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በነፃ ይገኛል፣ ውፍረቱ ይመረጣል። ኤዲቲንጉ ፊደሉን ወደ አራት ማዕዘን ሳጥን ከቀየረባችሁ፣ ሌላ ቦታ ጻፉትና ጀርባው ግልጽ የሆነ ምስል አድርጋችሁ አስገቡት።

መልስ፦ የሐረሯ

የመጀመሪያውን ኤዲት ስትጨርሱ ታሪኩን ለማያውቅ ሰው አሳዩት። ምንም አታስረዱ። 2ኛው ደቂቃ ላይ አቁሙትና «አሁን ምን ማወቅ ትፈልጋለህ?» በሉት። ስለ ቁልፉና ስለ ልጅቷ ከጠየቀ ደርሳችኋል። «የቱ ሰፈር ነው?» ካለ፣ ወይም ዝም ካለ፣ ከመጀመሪያው 30 ሰከንድ የሆነ ነገር ቀንሱና ለሌላ ሰው አሳዩ። ለጓደኞቻችሁ ብቻ አይሁን፣ እነሱ ያወድሷችኋል።

የከዚራ ልጅ

እሺ። ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ጎረቤቴ ግቢ እንጀምራለን። ስዕሎቹን ዛሬ ማታ እጨርሳለሁ።