የአንበሳውን ጸጉር ተረት ለልጄ እንዴት ልንገራት?

የሁለት ልጆች እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ማታ ማታ ለ7 ዓመት ልጄ ተረት እነግራታለሁ። «ተረት ተረት» ስላት ከብርድ ልብሷ ሥር ሆና «የላም በረት» ትለኛለች። ባለፈው እናቴ ትነግረኝ የነበረውን የአንበሳውን ጸጉር ነገርኳት። ታውቁታላችሁ። ባሏ ፊቱን ያጠቆረባት ሴት አዋቂ ቤት ትሄዳለች። «መድኃኒት እንድሠራልሽ ከአንበሳ ላይ ጸጉር ነቅለሽ አምጪ» ይላታል። ሥጋ እየወረወረችለት፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየቀረበች ታላምደዋለች። ጸጉሩን ስታመጣ «አንበሳ ያላመድሽ፣ ባልሽ እንዴት ያቅትሻል?» ይላታል።

እኔ ልጅ ሳለሁ የሚገርመኝ ድፍረቷ ነበር። ልጄ ግን «ባልየውስ ለምን አልሄደም?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ሌሊቱን ሲከነክነኝ አደረ። እናቴ ትዝ አለችኝ፤ አባቴ ሲቆጣ ዝም የምትለው ሁልጊዜ እሷ ነበረች። ተረቱን ልቀይረው ወይስ እንዳለ ልተወው?

የአያቷ ልጅ፦
አያቴ ስትነግረን ባል የሚባል ነገር የለበትም። እናቱ የሞተችበት ልጅ ነው። እንጀራ እናቱ የሠራችለትን አልበላም ይላል፣ ስትጠጋው ይሸሻል። አንበሳው ጋ የምትሄደው ለእሱ ብላ ነው። እዚህ ላይ የሚታገሠው ትልቁ ሰው ነው፣ ያዘነውን ሕፃን። እኔ ለልጆቼ የምነግራቸው ይሄንን ነው።

የተረት ወዳጅ፦
እህቴ፣ ተረት ሲቀየር ነው የኖረው። ጀርመኖቹ ወንድማማቾች ግሪም በ1812 ባሳተሙት የተረት መጽሐፍ ላይ፣ ሃንሰልና ግሬቴል የሚባሉት ወንድምና እህት ጫካ ይጣሉ የምትለው ወላጅ እናታቸው ናት። በኋለኞቹ እትሞች እንጀራ እናት አደረጓት። እናት የቤት ምሰሶ ናት በሚባልበት ዘመን ወላጅ እናትን ክፉ ማድረግ የከበዳቸው ይመስለኛል። ዕዳው ግን በእንጀራ እናቶች ላይ ቀረ! ቀይ ቆብ ያደረገችውን ልጅም ተመልከቺ። ፈረንሳዊው ፔሮ በ1697 ሲጽፋት ተኩላው ይበላትና ያልቃል። ግሪሞች አዳኝ ልከው ከተኩላው ሆድ አስወጧት። ከፈረንሳይ ገበሬዎች አፍ በተሰበሰበው ላይ ግን ራሷ ተኩላውን አታልላ ታመልጣለች። ልጅሽ ይቺን ትወዳታለች።

የድሮ ሰው፦
ልጄ፣ እኔ አትንኪው ባይ ነኝ። ተረት የሰማነው ከአባባ ተስፋዬ ነው። እሳቸው ሴት ተዋናይ ባልነበረበት ዘመን መድረክ ላይ ሴት ሆነው የተጫወቱ ሰው ናቸው። ያ ዘመን እንደነበር ልጆች ማወቅ አለባቸው። ልጅሽ የጠየቀችሽ እኮ ተረቱን እንዳለ ስለነገርሻት ነው። ቀድመሽ ብታስተካክዪው ምን ትጠይቅሽ ነበር?

የሁለት ልጆች እናት፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አባቴ፣ የመጨረሻዋ ጥያቄዎ ልቤን ነካችው። ትናንት ማታ «ተራው ያንቺ ነው» አልኳትና እሷ ነገረችኝ። ባልየው ሥጋውን ተሸክሞ ሚስቱን ተከትሎ ይሄዳል። ይፈራል። እሷ እጁን ትይዘዋለች። ጸጉሩን አብረው ነቀሉት። ከዚያ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብላ እጇን ዘረጋች። ዳቦ ላመጣላት ተነሳሁ።