ስለ አረጋውያን የተጠናውን ለማግኘት፦ ለቤተ መጻሕፍቱ የምናስገባው ጥያቄ (የዕቅድ ውይይት)

ጸሐፊ፦
ጤና ይስጥልኝ ውድ አባላት። ባለፈው ስብሰባ እንደተባባልነው፣ አረጋዊ ለሚያስታምሙ ቤተሰቦች የምናዘጋጀው መምሪያ ከየቤታችን ወሬ ብቻ አይጻፍም። የተጠና ነገር ይፈልጋል። ስለዚህ ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት በጋራ ጥያቄ እናስገባለን። የረቂቁ ዋና ዓረፍተ ነገር ይኼ ነው፦ «ዩኒቨርሲቲው ስለ እርጅና ያሉትን የምርምር ጽሑፎች በሙሉ ለማኅበራችን እንዲያቀርብልን በአክብሮት እንጠይቃለን።» አስተያየት ስጡበት፤ ብቻ እንዳትጨክኑብኝ።

ጋሼ (ጡረተኛው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ)፦
ልጄ፣ አጻጻፍሽ ያምራል። ግን «በሙሉ» የምትለዋ ቃል ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ታስቀረዋለች። ሠላሳ ዓመት ከመደርደሪያ ጋር ስለኖርኩ ነው የምለው። ሰው መጥቶ «ስለ እርጅና ያለውን ሁሉ» ሲለኝ ከየት እንደምጀምር ይጠፋኝ ነበር። «አልጋ የያዘ ሽማግሌ ቤት ውስጥ ማን ያስታምማል?» ሲለኝ ግን እግሬ ራሱ መንገዱን ያውቀዋል።

ደግሞም ዕቃው አንድ ቦታ አይደለም። መጽሐፉ ስድስት ኪሎ፣ ኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት ነው። የሕክምናው ጥቁር አንበሳ። ስለ ባህልና ታሪክ ከሆነ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ነው፤ በ1955 ዓ.ም. ከተመሠረተ ጀምሮ ስለ አገራችን የተጻፈውን ሲለቅም የኖረ ቤት ነው። ለእኛ ከሁሉም የሚበጀን ግን የተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፍ ነው። መጽሐፉማ በአብዛኛው የሚያወራው ስለ ፈረንጅ ሽማግሌ ነው።

ተማሪዋ (የማኅበራዊ ሥራ ማስተርስ)፦
ጋሼ ልክ ናቸው። ግን አንድ ነገር ልጨምር። መመረቂያ ጽሑፎቹ እኮ ብዙዎቹ በዩኒቨርሲቲው ዲጂታል ማከማቻ ላይ ተጭነዋል፤ እቤት ሆኖ በስልክም ይወርዳል። እኔ ትናንት ማታ ለእናቴ ሁለት አውርጄላታለሁ። ስለዚህ የተከፈተ በር አናንኳኳ።

የተዘጋው ጆርናሉ፣ ማለትም አዳዲስ ጥናት የሚታተምበት መጽሔት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2002 እ.ኤ.አ. ከአሳታሚዎች ጋር የጀመረው «ሂናሪ» የሚባል ፕሮግራም አለ። እንደ እኛ ላሉ አገሮች የሕክምና ጆርናሎችን በነፃ ይከፍታል። ግን የሚከፍተው ለተቋም ነው፤ የይለፍ ቃሉ ለግለሰብ አይሰጥም። ስለዚህ የይለፍ ቃል አንጠይቅ። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ኮምፒውተር ያለው አንድ ወንበር እንጠይቅ፣ በሳምንት አንድ ቀን።

ሒሳብ ሹም፦
ወንበር? እኔ ደግሞ የመጽሐፍ መግዣ በጀት የምንጠይቅ መስሎኝ ነበር።

ሰብሳቢ፦
ወንድሜ፣ በጀት ከጠየቅን ጉዳዩ ከቤተ መጻሕፍቱ ወጥቶ ወደ ፋይናንስ ይሄዳል። እዚያ ከገባ ደግሞ መልሱን የልጅ ልጆቻችን ናቸው የሚቀበሉት። ወንበር የክፍል ኃላፊውም ሊፈቅድ ይችላል።

ሲስተር (ጡረተኛ ነርስ)፦
የወንበሩ ነገር ሲነሳ ልናገር። አንድ ቦታ፣ ስሙን አልጠራም፣ ለማንበብ ሄጄ ነበር። በሩ ላይ የጡረታ ደብተሬን አሳየሁት። ልጁ ገልበጥ ገልበጥ አደረገና «እማማ፣ ይኼ የተማሪ አይደለም» አለኝ። ቀጥሎ ደግሞ ሰው ልጠይቅ የመጣሁ መስሎት ወንበር አመጣልኝ! ጥሩ ልጅ ነው፤ ግን ወንበሩ ከበሩ ውጪ ነበር። ስለዚህ ደብዳቤው ላይ የአንባቢ መግቢያ ካርድ የሚለው ይግባ። በስማችን፣ ፎቶ ያለው።

በኋላ የእህቴ ልጅ በሌላ ቦታ አስገባኝ። ፐብሜድ በሚባለው የሕክምና ጽሑፎች መፈለጊያ ድረ ገጽ ላይ ዕድሜ መምረጫው ጋ «65 እና ከዚያ በላይ» የሚለውን ጫንኩ። የአገራችን ጥናት እፍኝ አልሞላም። ምልክቱን ሳነሳው ግን መምጣት ጀመረ። ለካስ መምረጫው የሚያሳየው የዕድሜ ምልክት የተለጠፈባቸውን ጽሑፎች ብቻ ነው፤ ያልተለጠፈበት ይቀራል። ይኼን ያልነገሩት ሰው «ኢትዮጵያ ላይ ምንም አልተጠናም» ብሎ ይመለሳል።

ጋሼ፦
ተባረኪ ሲስተር! ይኼ ነው ቁም ነገሩ። ያለው ዕቃ ነው የሚጠፋብን። ሌላም አለ፤ ልዘርዝረው፣ ታገሡኝ።

«ኤጂንግ» (እርጅና) የሚለውን ቃል እንግሊዞች በመሐል «ኢ» ጨምረው ይጽፉታል፤ አሜሪካኖች ይተውታል። በአንዱ ብቻ የፈለገ ግማሹን ሊያጣ ይችላል። በአማርኛውም ያው ነው። አንዱ «አረጋውያን» ይላል፣ ሌላው «አረጋዊያን»። «ማኅበራዊ» በኅም በህም ይጻፋል፤ ማሽኑ ደግሞ ሁለቱን እንደ አንድ ላያያቸው ይችላል። እኛ «ጧሪ» የምንለው በእንግሊዝኛው ጽሑፍ «ኬርጊቨር» ሆኖ ይገኛል፣ አንዳንዴም «ፋሚሊ ሰፖርት»።

የደራሲ ስም ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። እኛ በራስ ስም ነው የምንጠራው። የፈረንጅ ጆርናል የአባትን ወይም የአያትን ስም ወደ ፊት ያመጣዋል። አንድ ሰው በሁለት ስም ይቀመጣል ማለት ነው። ዓመቱንም እዩ፤ በእኛ አቆጣጠር የተጻፈውን ተማሪው በፈረንጅ መስሎት ሰባት ስምንት ዓመት ያስረጀዋል።

መደርደሪያው በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የመለያ ቁጥር ከሆነ የአረጋውያን ማኅበራዊ ኑሮ ኤችኪው 1060 አካባቢ ነው። ዲዊ በሚባለው በሌላው የመለያ ቁጥር ከሆነ 305.26፣ የሕክምናው 618.97። እዚያ ቆማችሁ ግራና ቀኙን እዩ። እኔ ብዙ ነገር ያገኘሁት ከፈለግሁት መጽሐፍ አጠገብ ካለው ነው።

ተማሪዋ፦
ጋሼ፣ ይኼ ራሱ መምሪያ ነው እኮ! ቤተ መጻሕፍቱን የምንጠይቀውን ብቻ ሳይሆን የምንሰጠውንም እንጻፍ። እርስዎና ሲስተር የፍለጋ ቃላቱን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አንድ ገጽ ላይ ብታዘጋጁልን፣ ለተማሪውም ይጠቅማል። በልመና አንገባም።

ሒሳብ ሹም፦
ይኼስ ተዋጠልኝ። ገጹን እኔ አስተይባለሁ። ግን «እርጅና» የሚለው ከርዕሱ ይውጣ። እናቴ ብታየው አትነካውም። 84 ዓመቷ ነው፣ «እኔ ምን አርጅቼ» ነው የምትለው።

ሰብሳቢ፦
ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 41 ላይ «አረጋውያን» ነው የሚለው፤ በዚያው እንሂድ። «እርጅና» በፍለጋ ቃላቱ ውስጥ ይቆይ፤ ሰው በዚያም ይጽፋል።

አንድ ማሳሰቢያ ከእኔ። ከጥናቶቹ ላይ ቁጥር ስትወስዱ ከየት እንደመጣ እዩ። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ «በኢትዮጵያ ይኼን ያህል አረጋውያን አሉ» የሚል ሁሉ ትንበያ ነው። ዕድሜው ራሱም ግምት አለበት። አባቴ ዕድሜውን ሲጠየቅ «ጣልያን ሲገባ በግ እጠብቅ ነበር» ነበር መልሱ። መዝጋቢው ምን ያድርግ? 70 ወይም 80 ብሎ ይጽፋል። ስለዚህ ነው በቆጠራ ውጤት ላይ ሰው ዜሮና አምስት ላይ ተከምሮ የሚታየው። በመምሪያው ላይ ቁጥር ባይበዛ ደስ ይለኛል።

ሲስተር፦
የመንግሥት ሰነዶቹስ? ከ1998 እስከ 2007 ዓ.ም. የነበረው የአረጋውያን ብሔራዊ የድርጊት መርሐ ግብር መጽሐፍ መደብር ሄጄ የምገዛው አይደለም።

ጋሼ፦
እሱን በስሙ ጻፉት። ስሙ የተጠራ ሰነድ ይፈለጋል፤ «የመንግሥት ሰነዶች» የሚባል ግን አይፈለግም።

ጸሐፊ፦
እሺ፣ «በሙሉ»ን በገዛ እጄ ሰረዝኩት። አዲሱ ይኸውና፦

«ማኅበራችን ቤት ውስጥ አረጋውያንን ለሚያስታምሙ ቤተሰቦች መምሪያ በማዘጋጀት ላይ ይገኛል። ለዚህም ለአራት አባላት የአንባቢ መግቢያ ካርድ፣ በሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጆርናል የሚነበብበት አንድ ኮምፒውተር፣ እንዲሁም በፍለጋ የሚያግዘን አንድ ባለሙያ ለሦስት ወር እንዲመደብልን እንጠይቃለን። በመጀመሪያ የምንፈልገው አልጋ ስለያዙ አረጋውያንና ስለ አስታማሚዎቻቸው የተጻፉ መመረቂያ ጽሑፎችን፣ እንዲሁም የ1998–2007 ዓ.ም. ብሔራዊ የድርጊት መርሐ ግብሩን ነው። በበኩላችን በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ የፍለጋ ቃላት ዝርዝር ለቤተ መጻሕፍቱ እናስረክባለን።»

የደብዳቤውን ማስረከቢያ መስከረም 21 ብናደርገውስ? ዓለም አቀፍ የአረጋውያን ቀን ነው።

ሲስተር፦
ልጄ፣ መስከረም 21 ግሸን ማርያም ናት! ግማሻችን ቤተ ክርስቲያን ነን። 23 ይሁን።

ጸሐፊ፦
23 ተባለ። ማኅተሙ ሰብሳቢያችን ጋ ነው።

ጋሼ፦
ደብዳቤው ሲታተም ፊደሉን አተልቂው፣ 16 አድርጊው። የሚፈርመውም እንደ እኔ መነጽሩን እየፈለገ ሊሆን ይችላል።