የአንጀት ንቅለ ተከላ በልጆችና በዐዋቂዎች፦ ውጤቱን በምን እንመዝነው?

ጥያቄ (የአምስት ዓመት ልጅ እናት)

ጤና ይስጥልኝ። ወንድ ልጄ በተወለደ በሦስተኛው ሳምንት ትንሹ አንጀቱ ተጠምዝዞ የደም ዝውውሩ በመቋረጡ አብዛኛው ክፍል ተቆርጦ ወጥቷል። አሁን አምስት ዓመቱ ሲሆን፣ የሚያድገው በአፉ በሚበላው ሳይሆን በየሌሊቱ በደም ሥሩ በሚሰጠው ምግብ ነው። ጉበቱ ደኅና ነው። ይሁን እንጂ ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ ምግቡ የሚገባበት ቱቦ ሁለት ጊዜ ኢንፌክሽን ስላመጣበትና በቀኝ አንገቱ በኩል ያለው የደም ሥር ስለተዘጋ፣ የሚከታተሉት ሐኪሞች የአንጀት ንቅለ ተከላ የሚያደርግ ቡድን እንዲያየው ሐሳብ አቅርበዋል።

ስለ ጉዳዩ ባነበብኩ ቁጥር ግራ መጋባቴ ጨመረ። አንዱ ጽሑፍ ወደ ግማሽ የሚጠጉት ተቀባዮች ከአምስት ዓመት በላይ እንደማይቆዩ ሲናገር፣ ሌላው ቱቦው ወጥቶላቸው እንደ እኩዮቻቸው ስለሚበሉ ልጆች ይተርካል። በልጆችና በዐዋቂዎች መካከልስ ልዩነት አለ? ከሁሉ በላይ ማወቅ የምፈልገው ግን፣ አሁን «ጥቂት እንቆይ» ብንል ዕድሉ ያመልጠን እንደሆነ ነው።

መልስ 1 (የሕፃናት የጨጓራና አንጀት ሐኪም)

ሁለቱም ጽሑፎች እውነት ብለዋል፤ የጎደለው ቁጥሩ ከምን ጋር እንደሚነጻጸር መናገር ነው። ዓለም አቀፉ የአንጀት ንቅለ ተከላ መዝገብ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ዘገባ፣ ልጆችንም ዐዋቂዎችንም ጨምሮ ከ2,500 በላይ ተቀባዮችን መርምሮ፣ ከአንድ ዓመት በኋላ 76 በመቶ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ 56 በመቶ፣ ከዐሥር ዓመት በኋላ ደግሞ 43 በመቶ የሚሆኑት በሕይወት እንደሚገኙ አስልቷል። ጉበቱ ለደከመበት ወይም ቱቦ የሚገባበት የደም ሥር ላለቀበት ልጅ ይህ ትልቅ ተስፋ ነው። በደም ሥር የሚሰጠው ምግብ ያለ ከባድ ችግር ለተስማማው ልጅ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ልምድ ባላቸው ማዕከላት የሚከታተሉ እንዲህ ያሉ ልጆች ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት የመገኘት ዕድላቸው ከ90 በመቶ በላይ ስለሆነ፣ ያለጊዜው የተደረገ ንቅለ ተከላ ዕድሜን ሊያሳጥር ይችላል። በዓለም ላይ የሚደረገው የአንጀት ንቅለ ተከላ ቁጥር ከ2008 ገደማ ወዲህ የቀነሰውም ሕክምናው ስለከሸፈ ሳይሆን፣ የዓሣ ዘይት ያለበት የደም ሥር ቅባት ጉበትን በመታደጉ፣ የቱቦ አያያዝ በመሻሻሉና የተረፈው አንጀት የተሻለ እንዲመጥ የሚያግዘው ቴዱግሉታይድ የተባለው መድኃኒት በመምጣቱ ነው።

አሁን ወደ ችግሮቹ ልምጣ። አንጀት ከኩላሊትም ከጉበትም ይልቅ በተቀባዩ ሰውነት የሚጠቃ አካል ነው፤ ምክንያቱም በግድግዳውና በዙሪያው ባሉት ንፍፊቶች ውስጥ እጅግ ብዙ የለጋሹን የመከላከያ ሴሎች ይዞ ይመጣል፣ ውስጡም በባክቴሪያ የተሞላ ነው። ኩላሊት ሲጠቃ በደም ውስጥ ያለው ክሬአቲኒን ከፍ ብሎ ያስጠነቅቃል፤ ለአንጀት ግን ይህን ያህል የሚታመን የደም ምርመራ የለም። ስለዚህ በሆድ ግድግዳ ላይ በሚከፈተው መውጫ በኩል ኢንዶስኮፒ (ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ) እየገባ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙውን ጊዜ በሳምንት ሁለት ጊዜ ናሙና ይወሰዳል። እኔን ሁልጊዜ የሚያስፈራኝ የሚከተለው አዙሪት ነው፦ የመከላከያ ሴሎች የአንጀቱን ሽፋን ሲያቆስሉ ባክቴሪያው ወደ ደም ይገባል፤ ጥቃቱን ለማስቆም የመከላከል አቅምን የሚያዳክመው መድኃኒት መጨመር ሲኖርበት፣ ኢንፌክሽኑ ደግሞ እንዲቀነስ ያስገድዳል። ሐኪሙ ሁለቱንም በአንድ ሌሊት መወሰን አለበት።

ልጆችን ከዐዋቂዎች የሚለየው አንዱ ነገር የኤፕስታይን ባር ቫይረስ ነው። አብዛኛው ዐዋቂ ቫይረሱን አስቀድሞ ስለሚያውቀው የመከላከል ትውስታ አለው፤ ትንሽ ልጅ ግን ብዙ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገናኘው ከለጋሹ አንጀት ጋር አብሮ ሲገባበት፣ ያውም መከላከያው በመድኃኒት በደከመበት ሰዓት ነው። በዚህ ምክንያት ሊምፎማን (የመከላከያ ሴሎችን ካንሰር) የሚመስል ወይም ራሱ ሊምፎማ የሆነ የሴሎች መባዛት በልጆች ላይ ይበዛል፤ የቫይረሱ መጠን በደም ውስጥ በየጊዜው የሚለካውም ቀድሞ ለመድረስ ነው። የለጋሹ ሴሎች በተራቸው የተቀባዩን ቆዳ፣ ጉበት ወይም መቅኔ የሚያጠቁበት ሁኔታም ከሌሎች የአካል ንቅለ ተከላዎች ይልቅ በአንጀት ላይ ይታያል፤ ምክንያቱ ባልታወቀ የቆዳ ሽፍታ ሊጀምር ስለሚችል ቀላል ተደርጎ መታለፍ የለበትም። ከዚህ ሌላ፣ ለዓመታት በአፉ ሳይበላ የቆየ ልጅ አንጀቱ ቢሠራለትም ምግብ መፍራቱ ለብቻው ሕክምና ይፈልጋል። የቁመት ዕድገትም ብዙ ጊዜ እንደሚጠበቀው አይካካስም።

መልስ 2 (ንቅለ ተከላ የተደረገልኝ ዐዋቂ)

ዶክተሩ ስለ ልጆች የጻፉትን ከእኔ ወገን ባለው ልሙላው። ለአንጀቴ ደም የሚያደርሰው ዋናው ቧንቧ በረጋ ደም ተዘግቶ ትንሹ አንጀቴ በሙሉ ለማለት ይቻላል ጠፍቶብኝ ነበር፤ ከንቅለ ተከላው ስድስት ዓመት ሆኖኛል። አራተኛው ወር ላይ ከመውጫው የሚወጣው ፈሳሽ በአንድ ቀን እጥፍ ሲሆን «የበላሁት ነገር ይሆናል» ብዬ እስከ ማግስቱ ቆየሁ። በናሙናው መጠነኛ ጥቃት ተገኝቶ በከፍተኛ መጠን ስቴሮይድ ተመለሰ፤ ግን ያቺ አንድ ቀን ዛሬም ትቆጨኛለች። እህቴ፣ የመውጫው ፈሳሽ ልክ በየቀኑ ተመዝግቦ መያዙ ብዙ ጊዜ ከሌሎች ምልክቶች ቀድሞ ይናገራል።

በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው በጸጥታ የሚከፍለው ዋጋ ኩላሊቱ ነው። የመከላከል አቅምን የሚያዳክመው ታክሮሊመስ የተባለው መድኃኒት አንጀቴን ጠብቆልኛል፤ ኩላሊቴን ግን በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ወስዶብኛል፤ ተቅማጥ በመጣ ቁጥር የሚደርሰው የፈሳሽ እጥረት ደግሞ ያባብሰዋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቅባት መብላት ተከልክዬ እንደነበርም ልጥቀስ፤ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ቅባት የሚያጓጉዙት የሊምፍ ቧንቧዎች ስለሚቆረጡ ራሳቸውን እስኪቀጥሉ ድረስ መጠበቅ ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ብዬም፣ ማታ ማታ ከፓምፕ ጋር ሳልታሰር መተኛቴን በምንም አልለውጠውም።

የጠያቂዋ ምላሽ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ጉበት አብሮ ሲተከል አንጀቱ ከጥቃት የተሻለ እንደሚጠበቅ አነበብኩ። እንዲህ ከሆነ የልጄ ጉበት ደኅና ቢሆንም አብሮ ማስተከሉ አይሻልም?

መልስ 3 (የንቅለ ተከላ አስተባባሪ ነርስ)

ያነበቡት ትክክል ነው፤ ጉበት የተጨመረላቸው አንጀቶች በተለይ ለረጅም ጊዜ ከሚዘልቀውና የደም ቧንቧዎችን ቀስ በቀስ ከሚያጠበው ጥቃት የተሻለ ይተርፋሉ። ሆኖም ደኅና ጉበት ለዚህ ሲባል አይወጣም። ቀዶ ሕክምናው ይከብዳል፣ ጉበት የሚጠብቅ ሌላ ልጅ ዕድሉን ያጣል፤ አንጀቱ ለብቻው ተተክሎ ቢከሽፍ ደግሞ ሊወጣና ልጁ ወደ ደም ሥር ምግቡ ሊመለስ ይችላል። ይህ የመመለሻ መንገድ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው፤ መዝገቡ ራሱ እንደሚያሳየው የመጀመሪያው ዓመት ውጤት ቢሻሻልም፣ ከዚያ በኋላ የሚጠፉት አንጀቶች መጠን አልቀነሰም።

ስለ መቆየቱ ለጠየቁት፣ ለግምገማ መሄድና ለንቅለ ተከላ መመዝገብ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት የታደሰ መስፈርት ውስጥ ከተዘረዘሩት ምክንያቶች አንዱ፣ በላይኛው የሰውነት ክፍል ካሉት አራት ዋና የደም ሥሮች ሦስቱ መዘጋታቸው ነው። እርስዎ የገለጹልን አንድ መዘጋት ነው፤ ነገር ግን በምስል ያልታየ ሌላ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ በቀጠሮው ዕለት መጀመሪያ የሚጠይቁት የሁሉም የደም ሥሮች የምስል ምርመራ ይሁን። ከዚያም ቡድኑ በዓመት ስንት ልጆች ላይ እንደሚሠራና በራሱ ማዕከል የተተከሉት አንጀቶች ከሦስትና ከአምስት ዓመት በኋላ ስንቶቹ እንደሚሠሩ ይጠይቁ። ምዝገባው የግድ ከሆነም ልጁ አቅም ሳያጣ፣ ከሆስፒታል አልጋ ሳይሆን ከቤቱ ሆኖ ተራውን ቢጠብቅ ይመረጣል፤ ከቤታቸው የተጠሩት ተቀባዮች አንጀታቸው የተሻለ ዕድሜ እንዳለው በዚያው መዝገብ ታይቷል።