ወንጂ አካባቢ፦ የካናል ድልድይ ጥጉ እየታጠበ ነው፣ ምን ይሻላል?

ጥያቄ (አዳማ)
ሰላም ለሁላችሁ። የአገዳ መኪና የሚያልፍበት 3 ሜትር ስፋት ባለው ካናል ላይ የተሠራ የኮንክሪት ድልድይ ነው። ውሃው በሚወጣበት በኩል ከክንፍ ግንቡ (ከድልድዩ ጎን አፈሩን ደግፎ ከሚይዘው ግንብ) ጀርባ ያለው አፈር ተቦርብሯል፣ የመንገዱ መግቢያም ሰጥሟል። ሁለት ጊዜ ሬድ አሽ (ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) ተሞልቶ ተመልሶ ወረደ። ካናሉ የድሮ ነው ይላሉ፤ እድሜው ከችግሩ ጋር ይገናኛል?

መልስ 1
ሬድ አሽ ለመንገድ እንጂ ለካናል ዳር አይሆንም። ውሃ በውስጡ እያለፈ ከጎኑ ያለውን ደቃቅ አፈር ጠርጎ ይሄዳል። ጥቁር አፈርም አትሙሉበት፤ ሲርስ አብጦ ግንቡን ይገፋል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ውሃው አፈር እየጠረገ መሆኑን ለማወቅ በቀለሙ አትፍረዱ፤ የአዋሽ ውሃ ድሮም ደፍራሽ ነው። ከድልድዩ በላይ በኩል (ውሃው በሚገባበት) ግንቡ ጥግ ላይ ትንሽ አዙሪት ካለ፣ ከታች በኩልም (በሚወጣበት) ውሃ ከስር ፍልቅ ፍልቅ ካለ፣ ውሃው በመሠረቱ ስር መንገድ አግኝቷል ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ መኪናውን ዛሬውኑ አስቁሙ፤ ከላይ ምንም ሳይታይ በአንድ ጭነት ሊደረመስ ይችላል።

መልስ 2
ስለ እድሜው፦ የወንጂን እርሻ የጀመረው የሆላንዱ ኩባንያ ኤችቪኤ ነው፤ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1954፣ የሸዋው በ1962 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመሩ። ውሃው ከአዋሽ በፓምፕ ይሳባል። የቆቃ ግድብ በ1960 እ.ኤ.አ. ካለቀ ወዲህ ወንዙ በበጋም ስለማይቀጥን ካናሎቹ ደርቀው የሚከርሙበት ጊዜ አጭር ነው። እድሜው ብቻውን ግን ድልድይ አይጥልም። የሚጥለው የደለል ጠረጋ ነው። ኤክስካቫተሩ በየጊዜው ከዋናው ወለል በታች ትንሽ ትንሽ እየቆረጠ መሠረቱን ያጋልጠዋል። የመሠረቱን ግርጌና የካናሉን ወለል ለኩ፤ ወለሉ ዝቅ ብሎ ከተገኘ ምክንያቱ እሱ ነው።

መልስ 3
ጥገናውን ሰኔ መጨረሻ ላይ ያዙት። አገዳ ማመላለስ ይቆማል፣ መስኖም ይቀንሳል። ነሐሴ ከገባ የከርሰ ምድር ውሃው ከፍ ስለሚል ጉድጓዱ ያለ ፓምፕ አይሠራም።

የላላውን በሙሉ አውጡ። ከታች በኩል ከወለሉ 1 ሜትር የሚወርድ፣ ሁለቱም ዳር 50 ሳንቲ ወደ አፈሩ የሚገባ የኮንክሪት ጥርስ (ውሃ ከስር እንዳያልፍ የሚያግድ ግንብ) ሥሩ፤ ድብልቁ 1 ሲሚንቶ ለ 2 አሸዋ ለ 3 ጠጠር። ከጀርባው ሸክላነት ያለው ቀይ አፈር በ20 ሳንቲ ንጣፍ እየረጠበ ይጠቅጠቅ፤ አንዴ ደፍቶ ከላይ መርገጥ ዋጋ የለውም። ከጥርሱ ወዲያ ለ3 ሜትር ያህል 15 ሳንቲ ጠጠር፣ በላዩ ከ30 እስከ 40 ሳንቲ የሆነ ድንጋይ። ጠጠሩን ከዘለላችሁት ድንጋዩ እየሰመጠ ይጠፋል። ኮንክሪቱን 7 ቀን ውሃ አጠጡት።

እምቦጭና ገለባ ድልድዩ ስር ከተጠራቀመም ውሃው ወደ ጥጉ ይገፋልና በየሳምንቱ ይነሳ።