ኢንዲው ይነሳል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው፤ ድረሱልኝ!

ፒክስል፦ ወገኖች፣ ነገ ጠዋት የማስረክበው የ3ዲ ሞዴል ሥራ ኢንዲ በሚባለው የድሮ ኮምፒውተሬ ውስጥ ነው። ሲነሳ ዜማውን ያሰማል። ዲስኩም ሲሽከረከር ይሰማኛል። ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። ባለፈው ሳምንት በደንብ ይሠራ ነበር። ምን ላድርግ?

ጀማሪው፦ ገመዱን ነቅለህ መልሰህ ስካው። ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

የድሮ እጅ፦ ኢንዲ ስትል ደስ አለኝ! እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣ የሲሊከን ግራፊክስ ማሽን ነው። የኩባንያው መሥራች ጂም ክላርክ የተነሳው ጂኦሜትሪ ኢንጂን የተባለውን ቺፕ ይዞ ነው። የ3ዲ ቅርጽ ማዞርና ማንቀሳቀስ ዋናውን ፕሮሰሰር ያደክመው ነበር፤ ቺፑ ያን ስሌት ለብቻው ተረከበ። በ1992 ኦፕንጂኤልም፣ ፕሮግራሞች 3ዲ ምስል የሚያሥሉበት የጋራ የትእዛዝ ስብስብ፣ ከዚያው ቤት ወጣ። በ1999 ደግሞ የኤንቪዲያ ጂፎርስ 256 ያንኑ ስሌት ማንም በሚገዛው የጌም ካርድ ላይ አመጣው። ከዚያ ወዲህ ውዶቹ ማሽኖች መቋቋም አቃታቸው። ኩባንያውም በ2009 ከስሮ ተሸጠ።

ፒክስል፦ ታሪኩን እወደዋለሁ፣ ግን አሁን ሰዓት የለኝም።

ሽቦ፦ ሞኒተሩ ያው የድሮው ነው?

ፒክስል፦ አይ፣ እሱ ተበላሸ። ጠፍጣፋ ሞኒተር በአዳፕተር ሰካሁ። ለውጥ አለው እንዴ?

ሽቦ፦ አለው እንጂ! ወሳኙን ነገር እኮ ነው የተውከው። የዚያ ዘመን ማሽኖች ምስሉን የሚያመሳስለውን ምልክት ብዙ ጊዜ ከአረንጓዴው ቀለም ጋር አጣምረው ይልካሉ። ብዙ ጠፍጣፋ ሞኒተሮች ይህን አያነቡም፤ የሚያነብ ፈልግ። አዳፕተሩንም እየው። ሰን የተባለው ሌላ ኩባንያ ማሽኖች ሶኬት መልኩ ያው ነው፣ የውስጥ ሽቦው ግን ይለያል።

ደመና፦ እኔ ግን ጥያቄው ራሱ አልገባኝም። ዛሬ ከባድ ሬንደር፣ ማለትም ሞዴሉን ወደ ምስል የመቀየር ሥራ፣ ሩቅ ሰርቨር ላይ ይሠራል፤ ወደፊት ጠረጴዛ ላይ የሚቀረው ስክሪንና ኪቦርድ ብቻ ነው። ዲስኩን አውጥተህ ማሽኑን አሰናብተው።

ፒክስል፦ ዲስኩ የሚሰካው ስካዚ በሚባለው የድሮ ማገናኛ ነው፣ የሚቀበለው ኮምፒውተር የለኝም። ቢኖረኝስ? ሞዴሎቹን የሚከፍተው ፕሮግራም እዚሁ ማሽን ላይ ብቻ ነው ያለው። ሰርቨሩ ይህን ፋይል ምን ያደርግልኛል?

ጀማሪው፦ ገመዱን ሞከርክ?

ሌሊት፦ ማሽኑ እስከተነሳ ድረስ ስክሪን የግድ አይደለም። በፊት ኔትወርክ ላይ ከነበረ ከሌላ ኮምፒውተር በቴልኔት ግባ (ከሩቅ ሆነህ በጽሑፍ ታዝዘዋለህ)፣ ፋይሎቹን ፋይል በሚያስተላልፈው ኤፍቲፒ ሳብ። ካልሆነ ኪቦርዱን ነቅለህ አስነሳው። ኮንሶሉ፣ ማሽኑ ጽሑፍ የሚያሳይበትና ትእዛዝ የሚቀበልበት፣ ወደ ሲሪያል ወደቡ ይዞራል፤ ሌላውን ኮምፒውተር በሲሪያል ገመድ አገናኘውና ፍጥነቱን በሰከንድ 9600 ቢት አድርገው። ዋናው ቅጂ ይውጣ፣ ስክሪኑ ይደርሳል።

የድሮ እጅ፦ ሌሊት ልክ ነው። ስክሪኑ ሲመለስ ግን ሞዴሎቹን ኦቢጄ ወደሚባለው የፋይል ዓይነት ቀይራቸው። ተራ ጽሑፍ ስለሆነ የዛሬዎቹ ፕሮግራሞችም ይከፍቱታል። እኔ ሳልቀይር የተውኳቸው የአሥር ዓመት ሥራዎች ዛሬም ዲስክ ውስጥ ተቆልፈው ቀርተዋል። ያንተ እንዲህ እንዲሆን አልፈልግም።

ፒክስል፦ የሲሪያል ገመድ ፍለጋ ወጣሁ።

ሽቦ፦ ፒክስል፣ ነጋ እኮ። ምን ላይ ደረስክ?