ሕመሙ ሲለቀኝ እኔ ማን ነኝ?

አኖሬክሲያ (ውፍረትን በመፍራት ራስን ከምግብ የመከልከል የአእምሮ ሕመም) ከያዘኝ 6 ዓመት ሆኖኛል። አሁን ሕክምና ላይ ነኝ፤ በሰዓቱ እበላለሁ። የከበደኝ ሌላ ነገር ነው። ድሮ ስመዘን፣ የምበላውን ስቆጥር፣ ስደበቅ ነበር የምውለው። ያ ሲቀር ቀኑ ባዶ ሆነብኝ። ሥዕል እወድ ነበር። በቀደም እርሳስ ይዤ ተቀመጥኩ። ወዲያው «ከሁሉ መብለጥ አለብሽ» የሚል ሐሳብ መጣ፤ በሽታው ስሙን ቀይሮ የመጣ መሰለኝና ተውኩት።

ሐኪሜ እ.ኤ.አ. በ1944 አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ስለተጀመረው የረሃብ ጥናት ነገረችኝ። 36 ጤነኛ ወንዶች ምግብ ሲቀነስባቸው ሐሳባቸው ምግብ ላይ ተተከለ፤ ለሌላው ያላቸው ፍላጎት ቀዘቀዘ። የእኔም ፍላጎት ማጣት ስንፍና እንዳልሆነ ሲገባኝ አለቀስኩ።

ግን ፍላጎቴ እስኪመለስ ምን ልሥራ? በዚህ ያለፋችሁ፣ መጀመሪያ የያዛችሁት ምን ነበር? ሳያሰኛችሁ ነው የጀመራችሁት? ውድድር እንዳይሆንባችሁስ ምን አደረጋችሁ? እባካችሁ ንገሩኝ።