የጤና ልዩነትን መለካት ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እንዴት ላስተምር?

ጠያቂ (የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ባለሙያ)፦
ጤና ይስጥልኝ። በሚቀጥለው ወር ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ለጤና ጣቢያ ባለሙያዎች የሁለት ቀን ሥልጠና እንድሰጥ ታዝዣለሁ፤ ርዕሱ የጤና ፍትሐዊነት ነው። የተላከልኝ ሰነድ ከዳር እስከ ዳር ብያኔ ነው። ሰልጣኞቹ ሪፖርት መሙላቱን ከእኔ በላይ ያውቁበታል፤ የሚቸግራቸው የወረዳው አማካይ ጥሩ በሚመስልበት ጊዜ ማን እንደቀረ ለይቶ ማየት ነው። ኮምፒውተር ለሁሉም አይደርስም፤ መብራቱም አይታመንም። ከምን ልጀምር?

አዋላጅ ነርስ፦
ወንድሜ፣ ብያኔውን ለሁለተኛው ቀን አቆየው። የዓመቱን የወሊድ መዝገብ ይዘው ይምጡ። ጤና ጣቢያ የወለደችው እናት ከየትኛው ቀበሌ እንደመጣች እያዩ በጭረት ይቁጠሩ፤ ቀበሌዎቹንም በትልቅ ወረቀት ላይ ከጤና ጣቢያው ባላቸው ርቀት በቅደም ተከተል ይጻፉ። እኛ ስንሠራው ከወንዝ ማዶ ያሉት ቀበሌዎች ከሐምሌ እስከ መስከረም ጭረት አልነበራቸውም። ለዓመታት «የግንዛቤ እጥረት» እያልን ስንጽፍ የኖርነው የድልድይ ችግር ነበር።

የመረጃ ባለሙያ፦
በመዝገቡ እስማማለሁ፤ ግን አካፋዩን፣ ማለትም የተመዘገበው ወሊድ የሚካፈልበትን የሚጠበቅ ወሊድ ቁጥር ተጠንቀቅ። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። የቀበሌው የሚጠበቅ ወሊድ ከዚያ የተተነበየ ስለሆነ ከመቶ በላይ የሆነ ሽፋን ብታይ አትገረም። ጤና ኬላው ስለየቤተሰቡ ከሚይዘው የቤተሰብ ማህደር ቁጥር ጋር አስተያየው። ትንሽ ቀበሌ ከሆነም የአንድ ወር ቁጥር አትውሰድ፤ የሁለት እናቶች መምጣትና መቅረት መቶኛውን ያገለባብጠዋል።

የኅብረተሰብ ጤና መምህር፦
ለስሌቱ ሁለት ነገር ይበቃል፦ መቀነስና ማካፈል። ለምሳሌ በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እ.ኤ.አ. በ2016 በጤና ተቋም የተወለዱት በከተማ 79፣ በገጠር 20 በመቶ ነበሩ። ሲቀነስ ልዩነቱ 59 የመቶኛ ነጥብ፣ ሲካፈል ንጽጽሩ አራት እጥፍ ገደማ። በ2019ኙ አነስተኛ ዳሰሳ 70 እና 40 ሆኑ፤ ልዩነቱ 30፣ ንጽጽሩ 1.75።

እዚህ ላይ ክፍሉ ሊያጨበጭብ ይችላል፤ አታስጨብጭብ። የጠበበው 29 ነጥብ ከየት መጣ ብለህ ጠይቃቸው። 20ው ከገጠሩ መሻሻል ነው፤ 9ኙ ግን የከተማው ቁጥር ዝቅ በማለቱ የመጣ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ ሁለቱን መነሻ ቁጥሮች ከልዩነቱ ጎን ያስቀምጡ። በእኔ እምነት ከሥልጠናው ሁሉ ይህችን ልምምድ ብቻ ይዘው ቢሄዱ እንኳ አይቆጨኝም።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ይህን በጥቁር ሰሌዳ እሠራዋለሁ። የቀረኝ የኑሮ ደረጃ ነው፤ መዝገባችን ደሃና ሀብታም አይለይም።

የጤና መድን አስተባባሪ፦
የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካላችሁ መዋጮአቸው በመንግሥት የሚሸፈንላቸው ደሃ ቤተሰቦች ዝርዝር አለ። ከወሊድና ከክትባት መዝገብ ጋር ማገናኘት ይቻላል። ሆኖም ዝርዝሩ በበጀት ልክ የሚቆረጥ ስለሆነ ደሃ ሆነው ያልተካተቱ ብዙ ናቸው። ስም ያለበትን ወረቀትም ግድግዳ ላይ አትለጥፉ።

የመረጃ ባለሙያ፦
ኮምፒውተር ላላቸው ጥቂቶች የዓለም ጤና ድርጅት ሂት ፕላስ የሚባል ነፃ መሣሪያ አለው፤ የራሳችሁን ቁጥር አስገብታችሁ በየቡድኑ ታነጻጽራላችሁ። ለወረዳው ባለሙያ እንጂ ለጤና ኬላ አያስፈልግም።

ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፦
ከሰልጣኝ ወገን አንድ ነገር ልበል። ቀበሌዬ ከሁሉ በታች ሆኖ ሲታይ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ግምገማው ነው፤ የፈራ ሰው ደግሞ ቁጥሩን ያሳምራል። ስለዚህ መዝገቡ ከመገለጡ በፊት ውጤቱ ለሥራ አፈጻጸም ምዘና እንደማይውል የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ራሳቸው መጥተው ይናገሩ። እርስዎ ቢነግሩን አናምንም፤ አይቀየሙኝ።

ጠያቂ፦
አልቀየምም፤ እውነትሽን ነው። ኃላፊውን ነገ አነጋግራለሁ፤ ካልተስማሙ የቀበሌዎቹን ስም በፊደል ተክቼ እሠራለሁ።